ቀስ ብሎ የሚሄድ ገዢ

ጥር 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለኢንጂነሩ።

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ፤ ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። እናትህም ደህና ናት። እኔን ካኮረፈችኝ ጥቂት ቀን ሆናት፤ ማኩረፍ ከቻለች ጤናዋ ሙሉ ነው ማለት ነው።

ለምን አልደወሉም እንዳትለኝ። የስፌት መኪናው ጩኸት ጆሮዬን ወስዶታል፤ አንተ ደግሞ ስልክ ላይ ስታወራ የሚያባርርህ ያለ ይመስላል። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ቁም ነገር በወረቀት ይሁን። እኔ እጽፋለሁ፤ ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል፤ ያንተን ደግሞ አትሞ ያመጣልኛል። እንዳያነብ አስምዬዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማነሳው ብሏል፤ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግማሹ የራሱ ጣት ስለነበር አምኜዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ ስንት ዓመት እንደሰፋሁ ታውቃለህ፤ አንተም ለብሰኸዋል። አምና ጨረታው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ ተባለ። መንገዱ ዳር ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ እያሳየኝ፣ ዋጋዬን ሞላሁ። የማዶው ሰፊ በእያንዳንዱ ቀሚስ ላይ ከእኔ የአንድ ቁልፍ ዋጋ ብቻ ቀንሶ ወሰደው። የአንድ ቁልፍ! ባለ ኢንተርኔት ቤቱ የማዶው ሰፊ ሚስት ወንድም መሆኑን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማንንም አልወነጅልም። ብቻ ዓመቱን ሙሉ ዚፕ ስንቀይርና ኮሌታ ስንገለብጥ ከረምን።

ዘንድሮ ጨረታው የሚዘጋው በመጋቢት መጨረሻ ነው። እንደገና ካጣሁት መኪናዎቹን ሸጬ ሦስቱን ሴቶች ማሰናበቴ ነው። ሦስቱም እኔ ቤት መርፌ ይዘው ያረጁ ናቸው፤ የት ይሄዳሉ? ስለዚህ ወስኛለሁ። የራሴን ኮምፒውተር እገዛለሁ፤ በሬን ዘግቼ ዋጋዬን ራሴ እሞላለሁ።

እዚህ ሱቅ የሚጠሩት ዋጋ ራስ ያዞራል። አንተ እዚያ በኢንተርኔት ግዛልኝ። ለእናትህ ጣሪያ ልትልከው ያሰብከውን ገንዘብ አትላክ፤ ጣሪያውን እኔ እዚህ በራሴ ገንዘብ አሠራለሁ፤ አንተ በዚያው ኮምፒውተሩን ትገዛለህ። የፋርማሲስቱ ልጅ ነርሷ አንተ ካለህበት ከተማ በመጋቢት አጋማሽ ትመጣለች። ይዛልኝ ትመጣለች።

አክስትህ

—

ጥር 12

ለማከብርዎት አክስቴ፦

እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜና ጤና ከነጆሮው ይስጥልኝ። ፎቶው በደንብ ደርሶኛል፤ የፋርማሲስቱ ጣትም ደህና ይመስላል።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ በዕቃ ማንሻ መኪና የወለል ንጣፍ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ኢንጂነር የሚለው ስም እስካሁን እዚህ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ይሆናል።

አክስቴ፣ ጣሪያ በኮምፒውተር መለወጥ ምን የሚሉት ነገር ነው? የኮምፒውተሩ ነገር በእኔ ይሁን፤ ስጦታዬ ነው። ጣሪያውም የኔ ነው፤ እርስዎ ምንም አይንኩ። ትናንት ቁጭ ብዬ መርጬልዎታለሁ። ዘንድሮ የወጣ፣ ብርማ፣ እንደ ሰሌዳ የሳሳ፣ ሲከፍቱት ድምፅ የሌለው። ኢንተርኔት ላይ ሲገዛ ዕቃው መጀመሪያ "ጋሪ" የሚሉት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ከፍሎ መጨረስ ነው። ጋሪው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ የቀረኝ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ቀለሙን ብቻ ይንገሩኝ፤ ብርማ ወይስ ጥቁር?

እኔ እያለሁ አክስቴ በርካሽ ዕቃ አትሠራም።

እናቴን ሳሙልኝ፤ ኩርፊያዋ ካለቀ።

የእህትዎ ልጅ

—

ጥር 15

ይድረስ ለእህቴ ልጅ።

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ሙሉውን ደግሜ እንዳልጽፍ ተናድጃለሁ።

ቁልፏን እንዳትነካ!

ቀለም ትጠይቀኛለህ? የምሠራበት እንጂ የማጌጥበት አልፈልግም። እኔ ከዕቃው የምፈልገው ጨረታ መሙላት፣ የልጆቹን ልኬት መመዝገብና የቀሚሱን ሥዕል መላክ ነው። ለዚህ እንደ ሰሌዳ መሳሳቱ ምን ያደርግልኛል? ስጦታም አልፈልግም። እንደተነጋገርነው ነው፤ ጣሪያው የኔ፣ ኮምፒውተሩ ያንተ። ያንተን ገንዘብ እንደራሴ ስለማየው ነው በአንዲት ሳንቲም የምከራከርህ።

ከዚያ ደግሞ የጠሩትን ዋጋ ዝም ብለህ ልትከፍል? ማን ነው ያሳደገህ? ልጅ ሳለህ ጨርቅ ስገዛ ቀሚሴን ይዘህ ትከተለኝ ነበር። ነጋዴው ዋጋ ይጠራል፣ እኔ የኔን እጠራለሁ፣ እንቢ ሲል ጥዬው እሄዳለሁ። ዋናው አካሄዱ ነው። ቀስ ብለህ ነው የምትሄደው፤ ነጋዴው ሐሳቡን ቀይሮ ለመጣራት ጊዜ እንዲያገኝ። አንተ ግን "አልሸጠልንም፣ እንሂድ" እያልክ እጄን ትጎትት ነበር። ስንት ጊዜ ዋጋ አበላሽተህብኛል!

አሁንም እንደዚያው ነው። ዕቃውን ጋሪው ውስጥ ተወውና ሂድ። አድራሻህን ግን ተውለት፤ የሚጠራህ በምን ያገኝሃል?

ሌላም ነገር አለ። ባለ ኢንተርኔት ቤቱ በመንገድ ሳልፍ ጠርቶኝ በስልኩ አንድ ማስታወቂያ አሳየኝ፦ አዲስ ኮምፒውተር በግማሽ ዋጋ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ይላካል። ከጎኑ ሰዓት እየቆጠረ ይወርዳል። እኔ ጨርቁን ሳልዳስስ ከሚያቻኩለኝ ነጋዴ ገዝቼ አላውቅም፤ አንተ ግን ምን ትላለህ?

አክስትህ

—

ጥር 21

ለማከብርዎት አክስቴ፦

ቁጣዎ በሰላም ደርሶኛል። ፈጣሪ ከቁጣዎ ጋር ያኑርዎ።

መጀመሪያ ስለ ግማሽ ዋጋው። እንዳይነኩት! አድራሻ የሌለው፣ ስልክ የሌለው፣ "አሁን ካልከፈልክ ቀረብህ" የሚል ሻጭ ዕቃ የለውም፤ ፎቶ ነው ያለው። ፎቶውንም ከሌላ ሱቅ ያነሳው ነው። ባለ ኢንተርኔት ቤቱ ራሱ ይግዛና እናያለን።

ቀጥሎ፣ ስለ ብርማው ልክ ነዎት። ቁጭ ብዬ ሳስበው ለሚሠሩት ሥራ ያምናው ሞዴል ተርፎ ይተርፋል። አዲስ ሲወጣ ያምናው ይረክሳል፤ የተለወጠው ግን አብዛኛው መልኩ ነው። ከዚያም የሚረክስ አለ። ሰው ገዝቶ ሳይስማማው በሳምንቱ የመለሰው፣ ሠሪው ድርጅት ራሱ ፈትሾና አድሶ ከአንድ ዓመት ዋስትና ጋር የሚሸጠው። የመያዝ አቅሙ ትንሽ የሆነውን ወስዶ በኋላ ማስጨመርም ይቻላል፤ ብቻ የሚከፈት ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ነው። መክፈያው ላይ ሲደረስ ደግሞ ቦርሳ ጨምር፣ ማውዝ ጨምር፣ ተጨማሪ ዋስትና ጨምር እያለ ይለጣጥፋል። ለሁሉም እንቢ ነው መልሱ። ቅናሽ የሚሉትም ሁሉ ቅናሽ አይደለም፤ የዓመቱን ዋጋ የሚያሳይ ገጽ ስላለ ሳየው አንዳንዱ ባለፈው ወር ዋጋውን ሰቅሎ በዚህ ወር ያወረደ ነው።

ስለዚህ ብርማውን አውጥቼ የታደሰውን አስገብቻለሁ።

ጥሎ መሄዱን ግን ተዉኝ፤ ሳነበው ብቻዬን ነው የሳቅኩት። አክስቴ፣ እዚያ ውስጥ እኮ ሰው የለም! ማሽን ነው። ቀስ ብዬ ልሂድ ፈጥኜ ልሂድ ማን ጀርባዬን ያያል? ቢሆንም እንዳይቀየሙኝ፣ ለሳቅም እንዲሆነን፣ አድራሻዬን ጽፌ ዕቃውን ጋሪ ውስጥ ትቼ ወጥቻለሁ። ቢጠራኝ ኢንጂነር መባሌን እተዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

—

የካቲት 3

ይድረስ ለእህቴ ልጅ።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ያሰብከው ይሙላልህ።

ማን አግብቶ እንደፈታው የማላውቀውን ኮምፒውተር ልትገዛልኝ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩ። ከዚያ ቀና ብዬ መኪናዎቼን አየሁ። አንዷም አዲስ ሆና እኔ ቤት አልገባችም፤ ሁሉም ግን ይሰፋሉ። ዋስትና ካለው እሺ ብያለሁ።

ማሽን ነው አልከኝ። ማሽኑን የሠራው ማን ነው? ነጋዴ አይደለም? ነጋዴ ከሆነ ይጠራሃል።

የጣሪያ ሠሪዎቹን አነጋግሬያለሁ፤ የዝናብ ደመና እየታየ ስለሆነ ቶሎ ይጀምራሉ። እናትህ ከሠሪዎቹ ጋር ከወዲሁ ተጣልታለች።

ጠራህ ወይ? ይህንን ብቻ መልስልኝ።

አክስትህ

—

የካቲት 16

ለማከብርዎት አክስቴ፦

ለጤናዎ እንደምን አሉ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እስካሁን አልጠራኝም። እንዳልኩዎት ማሽን ነው። ምናልባት ብንጠብቅ ይሻላል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እዚህ ትልቅ ቅናሽ ይደረጋል ይባላል፤ ያኔ በጥሩ ዋጋ ይገኛል።

የጣሪያውንም ነገር አይቸኩሉበት።

ክፍል ቀይሬያለሁ። አዲሱ አድራሻ ከታች አለ። ጠበብ ያለች ናት፤ ግን ፀሐይ ታስገባለች።

እናቴን ሰላም በሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

—

የካቲት 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ።

ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፤ ዛሬ ከሌላው ቀን ይልቅ ከልቤ ነው።

የላክኸውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ቀልድ የለበትም። የእናትህን ኩርፊያ እንኳ አልነካኸውም። ትምህርት ቤት እስኪከፈት እንጠብቅ ትለኛለህ፤ ጨረታው የሚዘጋው መቼ እንደሆነ በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ የምትረሳ ልጅ አይደለህም።

አሁን እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስገዛና ስሸጥ ኖሬያለሁ። ጥሎ የሚሄድ ገዢ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዋጋ እንዲቀነስለት የሚሄደው ነው። እሱ ቀስ ይላል፤ የሌላ ሱቅ ዕቃ ያያል፤ ጫማውን ያስራል፤ ጆሮው ከኋላው ነው። ሌላው ኪሱ ባዶ የሆነው ነው። እሱ ይፈጥናል። ነጋዴው እንዳይጠራው ነው የሚፈራው፤ ቢጠራው ምን ይመልሳል? ከውድ ዋጋ ይልቅ ቅናሽ ነው የሚያስደነግጠው። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይ እኔ ራሴ ሳልጠራው እተወዋለሁ፤ እንዳላሳፍረው።

አንተ እየፈጠንክ ነው።

ነጋዴው ጠርቶሃል። ዕቃውን ሊሸጥ የተቀመጠ ይህን ያህል ቀን ዝም አይልም። ዝም ያልከው አንተ ነህ። ሥራህ ምን ሆነ? ክፍሉን ለምን ቀየርክ? እየበላህ ነው?

ጣሪያው አልቋል። አንተን አልጠበቅኩም፤ ካሁን በፊት እንጠብቅ ብለኸኝ ጠብቄ አውቃለሁ? እናትህ ደረቅ ጣሪያ ስር ተቀምጣ ሠሪዎቹን ትረግማለች። በዚያ በኩል የምታስበው ነገር የለም።

ጻፍልኝ። ፋርማሲስቱ ያነብብኛል ብዬ አፍሬ ነው ካልክ፣ ዛሬ ፎቶውን ያነሳሁት ራሴ ነኝ፤ ጣት ካለበት የኔ ነው።

አክስትህ

—

የካቲት 20

ለማከብርዎት፣ ለምወድዎት አክስቴ፦

ጠርቶኛል። በሁለተኛው ቀን ነው የጠራኝ።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት "ጋሪዎ ውስጥ የረሱት ዕቃ አለ፤ እስከ እሑድ ከገዙ እንቀንስልዎታለን" የሚል መልእክት አገኘሁ። መጀመሪያ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ አክስቴ ረታችኝ ብዬ። ከዚያ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ደግሞ ጠራኝ፤ የበለጠ ቀንሶ። ከዚያም እንደገና። በዚህ ከተማ እንደሱ የፈለገኝ ሰው የለም።

መጋዘኑ ተዘግቷል አክስቴ። ስለ ዕቃ ማንሻው የጻፍኩልዎት ቀን በሩ ላይ ሰንሰለት ነበር። የቀረ ደመወዝ አለን እያልን ስንመላለስ ቆየን፤ አልተገኘም። የያዝኩትን ለቤት ኪራይ ከፈልኩ፤ ሲያልቅ ወደዚህች ክፍል መጣሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት ትሪ እጭናለሁ፤ ለምግብና ለኪራይ ይበቃል፤ ስለዚህ እየበላሁ ነው፤ ዳቦ በብዛት።

ብርማውን ሳሳይዎት ኪሴ ውስጥ ከኪራይ የሚተርፍ ምንም አልነበረም። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ራሴን ጠየቅኩ። "የእህቴ ልጅ አመጣልኝ" ሲሉ መስማት ፈልጌ ነው መሰለኝ። ከዚያ "ጥለህ ሂድ" ሲሉኝ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ከሰማይ የወረደ ምክንያት ሆነልኝ። አልጠራኝም እያልኩ ልከርም አሰብኩ። እርስዎ ግን ከዚያ ሆነው አረማመዴን አዩት። አፈርኩ። ደግሞም ቀለለኝ።

የራሴ ኮምፒውተር አለኝ። አርጅቷል፤ መስታወቱም ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ግን ጨረታ ይሞላል። በነርሷ እልክልዎታለሁ። ሦስቱ ሴቶች በእኔ ውሸት ሥራ አያጡም።

የእህትዎ ልጅ

—

የካቲት 22

ይድረስ ለእህቴ ልጅ።

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። አሁን ሁለቱም ወጥተውልኝ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ የምልህን ልብ ብለህ ስማ።

ኮምፒውተርህን አልፈልግም። ሥራ የምትፈልግበት እሱ አይደለም? ማመልከቻህን በምን ልትጽፍ ነው፣ በዳቦ ላይ? ተወው፣ አስቀምጠው።

የኮምፒውተሩን ገንዘብ ዛሬ ጠዋት ለፋርማሲስቱ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። ከየት አመጡት አትበለኝ። አራተኛዋ መኪና፣ ያቺ ክር እየበጠሰች ስታስቸግረኝ የኖረችው፣ ተሸጣለች፤ እኔ ተገላገልኩ፣ የገዛት ይቻላት። ፋርማሲስቱ እዚህ ተቀበለኝ፣ ነርሷ ልጁ እዚያ ከራሷ ካርድ ትከፍላለች። ሁለቱም ተስማምተዋል። ገንዘቡ የኔ ነው፤ ዕውቀቱ ያንተ ነው። በዚህ ማንም ለማንም ስጦታ አልሰጠም፤ ኩራትህን ይዘህ መምጣት ትችላለህ።

ነርሷ ጋ ሂድ። በዚያ ደብዳቤ እንደጻፍክልኝ አድርግ፦ የታደሰውን፣ ዋስትና ያለውን፣ ቦርሳ ምናምን ሳይለጠፍበት። ቦርሳ እኔ እሰፋለታለሁ፤ ሰፊ መሆኔን ረሳችሁ እንዴ?

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ አንዴ ጥላችሁ ሂዱ። በዚህኛው ጊዜ ኪሳችሁ ሙሉ ስለሆነ፣ ቀስ ብላችሁ።

ምስጋና እንዳትጽፍልኝ። ዋጋ ጻፍልኝ።

አክስትህ

—

መጋቢት 4

ለማከብርዎት አክስቴ፦

ዕድሜ ከአራተኛዋ መኪና የበለጠ ይስጥዎ። ምስጋና አልጽፍም፤ ተከልክያለሁ።

ነርሷ ጋ ሆስፒታሉ ድረስ ሄድኩ። ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ጠባብ ክፍል አለ፤ እዚያ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቁጭ ብለን በስልኳ ከፈትነው። የኛው ዕቃ አሁንም አለ። ሱቆቹን ሁሉ ዞርን፤ እሱ ነው የሚሻለው። በእሷ ስም ጋሪ ውስጥ አስገባንና ዘጋነው። "ለምንድን ነው የምንዘጋው?" አለችኝ። "የአክስቴ ትእዛዝ ነው" አልኳት። "እሺ፣ አባቴ እሷን ሲፈራ ነው ያደገው ብለውኝ ነበር" አለች እየሳቀች።

በማግስቱ ጥሪ አልመጣም። ገጹን ከፍቼ ሳይ "ሁለት ቀርተዋል" ይላል። ማታ "አንድ ቀርቷል" አለ። "ክፈይ፣ ይበቃል፣ ክፈይ!" ልላት ለነርሷ ደጋግሜ ደወልኩ። እሷ ግን ያን ቀን በሽተኛ ይዛ ስለነበር ስልኩን ያነሳችው ጠዋት ነው። "ቆይ እስቲ፣ አንድ መልእክት ገብቷል" አለችኝ። ጠርቷት ነው። ከተቀነሰው ላይ እንደገና ቀንሶ፣ ማጓጓዣውንም ነጻ አድርጎ። እዚያው ከፈለች። በብርማው ዋጋ ይህን መሰል ሁለት ገዝተን የምሳ ይተርፈን ነበር። ከሰጡት ላይ የተረፈውን ለአባቷ ነግራዋለች፤ ይመልስልዎታል። ለአራተኛዋ መኪና ምትክ ይያዙት።

ዕቃው መጥቶ አይቼዋለሁ። ክዳኑ ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አለች፤ ከዚያ በቀር እንከን የለውም። አብርቼ ሞከርኩት፣ የአማርኛ ፊደል ጫንኩበት፣ ሰዓቱን በእናንተ ሰዓት ሞላሁት። ነርሷ መጋቢት 12 ይዛው ትነሳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። አከራዬ ኪራይ ልጨምር ነው አለኝ። እኔ ድሮ ቢሆን እሺ እል ነበር። አሁን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ደህና ይሁኑ ብዬ፣ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። አንዱን ደረጃ ወርጄ ቆም አልኩ፣ ሌላውን ወርጄ ጫማዬን አሰርኩ። ታች ሳልደርስ ጠራኝ። ኪራዩ እንደነበረ ቀጥሏል።

ኢንጂነር መባሌን እንዳልኩት ትቻለሁ።

የእህትዎ ልጅ

—

ሚያዝያ 19

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለኢንጂነሩ። ስምህን መልሼልሃለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ ዛሬ አጭር የሆነው ተናድጄ አይደለም፤ በራሴ ጣት እየጻፍኩ ስለሆነ ነው። አንዷን ፊደል ሳገኝ ሌላዋ ትጠፋብኛለች። ፋርማሲስቱ ግን ከእንግዲህ ዓይኑን መጨፈን አይጠበቅበትም፤ እኔና አንተ ብቻ ነን።

ጨረታውን በሬን ዘግቼ ሞላሁ። ሦስቱ ሴቶች ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ሂሳቡን አንዷ ስትደምር ሌላዋ ስታጣራ። "ላክ" የሚለውን የተጫንነው አራታችንም ጣት ላይ ጣት ደራርበን ነው። ባለ ኢንተርኔት ቤቱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ዘንድሮ አልመጡም?" አለኝ። "ዚፕ ስቀይር ነው የከረምኩት" አልኩት። የማዶው ሰፊ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ያየኝ ነበር፤ ሲበዛብኝ እጄን አውለበለብኩለት።

ውጤቱ ትናንት ወጣ። ሁሉንም አላገኘሁም። የትንንሾቹ ክፍሎች ልብስ የኔ ሆኗል፤ የትልልቆቹ የማዶው ሰፊ ነው። መጀመሪያ ከፋኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ሁሉንም ነበር የፈለግኩት። ከዚያ ሴቶቹ እልል ሲሉ ልቤ ረጋ። ማንም አይሰናበትም። ትንንሾቹ ደግሞ ቶሎ ያድጋሉ፣ ቶሎ ይቀድዳሉ፤ ሥራ አያልቅብንም። የትልልቆቹን ለከርሞ እወስደዋለሁ፤ ከወዲሁ ዋጋውን እየሠራሁ ነው።

ለኮምፒውተሩ ቦርሳ ሰፍቼለታለሁ፤ ከደንብ ልብሱ ቁራጭ ጨርቅ፣ ሁለት ኪስ ያለው። ያቺን ጭረት ግን ሆን ብዬ አልሸፈንኳትም። እናትህ መጥታ አየችውና "ይሄ ነው ልጄ የላከው?" አለች። አዎ አልኳት። ውሸት አይደለም፤ መርጠኸዋል፣ ሞክረኸዋል፣ ፊደሌን ጭነህበታል። ቀኑን ሙሉ ደጋግማ ስትዳብሰው ዋለች። ስለ መጋዘኑ አልነገርኳትም፤ እሱን አንተ ራስህ ትነግራታለህ፤ በደብዳቤ፣ በዚህ ወር።

ሥራ ፍለጋህን አታቋርጥ። የጻፍከውን ማመልከቻ ላክልኝና ላንብበው፤ ራስህን በርካሽ እንዳትጠራ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኪስህ ባዶ መሆኑ አላሳዘነኝም፤ የሁላችንም ኪስ ባዶ ሆኖ ያውቃል። ያሳዘነኝ ያን ሁሉ ቀን ብቻህን ስትሄድ መክረምህ ነው። ወደፊትም ያ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ፈጣሪ ያርቅልህ። ከመጣ ግን አትፍጠን። ጫማህን እሰር፣ ደረጃው ላይ ቁም፣ የሌላ ሱቅ ዕቃ እይ። ጆሮዬ አይሰማም እንጂ ድምፄ ገና ደህና ነው፤ እስክጠራህ ድረስ ቀስ ብለህ ሂድልኝ።

አክስትህ